የልብስ ሰፊዎች ደቦ በኮልፌ

ሥራ የጀመርኩበት ቀን የተቆጡኝ ስፌት አበላሽቼ አይደለም። ሰላምታ አብዝቼ ነው።

ሱቁ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ ላይ ነበር። ፊቱ ሰፊ በረንዳ ነው። ውስጡ በሞተር የሚሠሩ የስፌት መኪኖች፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚከፍፍ አንድ ኦቨርሎክና አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አሉ። ባለቤቱ ጋሽ ወልዴ ጨርቅን በጣታቸው ዳሰው ደረጃውን የሚናገሩ፣ መርካቶ ያደጉ ነጋዴ ናቸው። የቱሉ ቦሎው አጎቴ ክርና ቁልፍ ሊገዛ አዲስ አበባ ሲመጣ ይተዋወቁ ስለነበር፣ «የእህቴ ልጅ እጇ ጥሩ ነው፤ እስቲ ይሞክሯት» ብሎ ላከኝ።

እኔም ገባሁና ከበሩ ጀምሬ አንድ በአንድ እየጨበጥኩ ሰላምታ ያዝኩ። እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል። ኦቨርሎክ ላይ የነበረው ልጅ እጁን ሊሰጠኝ መኪናውን አቆመ። ሌላው የያዘው እጅጌ ተጣመመበት። ጋሽ ወልዴ ሰዓታቸውን አዩ።

«ልጄ፣ ሰላምታሽ ሲያልቅ ንገሪኝ፤ ሥራ እንጀምራለን» አሉ።

ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም ነበር። ትንሿ ከተማችን ቱሉ ቦሎ ውስጥ ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ መርዶ ሰምቷል።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት ታክሲ ውስጥም ያው ነበር የሆነው። ከአየር ጤና ስሳፈር «እንዴት አደራችሁ» አልኩ፤ ቤት የገባሁ መስሎኝ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ብቻ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ» አሉኝ። ረዳቱ በሩን እየዘጋ፣ «ኧረ ጠጋ ጠጋ በሉላት፤ ፋራ ብትሆንም ዘመዳችን ናት!» አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ስወርድ ግን ሦስት ሰው «ደህና ዋይ» ብሎኛል። ፋራነት ከዚህ በላይ ምን ይከፍላል?

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ስሜ ጠፋ። አያንቱ ብዬ የተዋወቅኳቸው ሰዎች «ቱሉ ቦሎ» ማለት ጀመሩ። ቱሉ ቦሎ ክር አቀብዪ፤ ቱሉ ቦሎ ካውያው ይጋል። ስሙን ያወጣልኝ ቆራጩ ሰይፉ ነው።

የእኛ ሙያ ማዕረግ አለው። ከታች ያለው ጨራሽ ነው፤ ቁልፍ ይተክላል፣ የተንጠለጠለ ክር ይለቅማል፣ ይተኩሳል። ከእሱ በላይ መኪና ላይ የሚቀመጠው ሰፊ ነው። ከሁሉም በላይ ቆራጭ አለ። ሰፊ ቢሳሳት ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል፤ ቆራጭ ቢሳሳት ጨርቁ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ የሰይፉን መቀስ ማንም አይነካም ነበር። ለምሳ ሲወጣ እንኳ መደርደሪያው ላይ ከፍ አድርጎ አስቀምጦት ነው የሚወጣው።

እኔ የምፈልገው ያንን መቀስ ነበር። ከቤቴ የወጣሁት ቆራጭ ልሆን ነው። ቱሉ ቦሎ አጎቴን ጨምሮ ሁለት ሰፊ ነበራት፤ ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ያርዝመውና። ለሦስተኛ ሰፊ ቦታ አልነበረም። ጋሽ ወልዴ የያዙኝ በሙከራ ነው፤ «አይቼሽ መስከረም ላይ እንነጋገራለን» አሉኝ። ካልወደዱኝ ወደ አጎቴ በረንዳ ተመልሼ ዕድሜዬን ሙሉ ቁልፍ ስተክል ልኖር ነው።

አጎቴ ስፌትን ያስተማረኝ በጅማ መንገድ ዳር ባለች በረንዳው ላይ ነው። በጠመኔ ፋንታ በቀጭን የልብስ ሳሙና ነበር ጨርቅ ላይ የሚያሰምረው። አንድ የገበያ ቀን የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ሽንብራ ለመግዛት ጎንበስ ሲል፣ አጎቴ የሰፋለት ሱሪ ከኋላው ተሰነጠቀ። ወሬው ከሰውዬው ቀድሞ በረንዳችን ደረሰ። አጎቴ መኪናውን ሸፍኖ ቤቱ ገባ፤ በዚያ ሳምንት ወፍጮ ቤት እንኳ እኔ ነበርኩ የምላከው።

ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ስፌት ውስጥ፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ሳይተው ቆርጦ አያውቅም። «ልጅ ያድጋል፣ ጎልማሳ ይወፍራል፤ ጨርቅ ግን ባለበት ነው» ይላል። የአጎቴ ሱሪ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲተላለፍ፣ አንዴ ሲሰፋ አንዴ ሲጠብ እናየዋለን። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሱሪውን ከሩቅ አውቄ «ያ የእኛ ነው» እል ነበር። ልጁን ግን ላላውቀው እችላለሁ። እኔ ሙያ ሁሉ እንደዚህ መስሎኝ ነው ያደግኩት።

ኮልፌ ላይ ከጨራሽነት ወደ ሰፊነት ያደግኩት ቶሎ ነው። የረዳኝ ግን እጄ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን አንዲት የቤቴል ደንበኛ ቀሚሳቸውን ሊወስዱ መጡ።

«የልጅዎ ፈተና እንዴት ሆነ?» አልኳቸው።

«ማን ነገረሽ አንቺ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ሲለኩ።»

ሴትየዋ ቀሚሱን ረስተው ስለ ልጃቸው ነገሩኝ፤ አልፋለች። በሚቀጥለው ጊዜ እህታቸውን ይዘው መጡና በር ላይ ቆመው «ያቺ ልጅ የለችም?» አሉ። ከቀራኒዮ ወዲያ የሚመጡ አባቶችም ነበሩ፤ አማርኛው ሲያጥራቸው በኦሮምኛ «አካም ቡልተን አባ» ስላቸው ፊታቸው ይበራል። አንደኛው የሚፈልጉት የውስጥ ኪስ የት ላይ እንደሆነ ለሰይፉ በእጅ ምልክት ሲያሳዩ ቆይተው፣ እኔ ስደርስ ቁጭ ብለው ስለ ኪሱም ስለ በሬያቸውም አጫወቱኝ። ጋሽ ወልዴ ከጥግ ሆነው ያዩ ነበር። ሰዓታቸውን ግን አላዩም።

ያልወደዱት የጎረቤቶቹን ጉዳይ ነው። ከፌርማታው እስከ ሱቃችን ድረስ መንገዱ ዳር ሌሎች ሰፊዎች አሉ። እትዬ ጥሩዬ በረንዳቸው ላይ በእግር በሚረገጥ መኪና የተቀደደ ያድሳሉ። ከድር መጋረጃና የአልጋ ልብስ ይሰፋል። ከእነሱ በታች ደግሞ የካፖርት ገበር የሚቀይሩ ወንድማማቾች አሉ። እኔ በየጠዋቱ ሁሉንም ሰላም ሳልል አላልፍም። ክር ስጨርስ ከከድር እበደራለሁ፤ እሱም መርፌ ሲሰበርበት ከእኔ ይወስዳል። እትዬ ጥሩዬ ጉንፋን ሲይዛቸው ጎራ ብዬ አያቸዋለሁ።

«እዚህ ስሠራ ስንት ዘመኔ ነው፤ የዚያን መጋረጃ ሰፊ ስም አላውቅም» አለኝ ሰይፉ አንድ ቀን።

«ከድር ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሉት» አልኩት።

ጋሽ ወልዴ ሰምተው ነበር። «ቱሉ ቦሎ፣ እነዚህ ሰዎች ዘመዶችሽ አይደሉም፤ ደንበኛ የሚሻሙን ናቸው። በእኔ ክስረት ዕልል የሚሉ ሰዎች ናቸው» አሉኝ። እሺ አልኩ። በማግስቱም ሰላም ብዬ አለፍኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ሰኔ ላይ ቤቴል አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች የደንብ ልብስ አዘዘ፤ ለወንዶቹ ሰማያዊ ሱሪ፣ ለሴቶቹ ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ። ልጆቹ ሳይበተኑ ተለኩ፤ ልብሱ የሚደርሰው ለመስከረም ነው። መቁረጥ እንደተጀመረ የሰይፉ ሚስት ወለደችና ሰይፉ በደስታ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ በረረ። ጋሽ ወልዴ ግራ ቀኝ አዩና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«መቁረጥ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ ጋሼ።»

መቀሱን በደስታ አነሳሁ። ሰማያዊውን የቴትሮን ጨርቅ ዘረጋሁ፣ ሳሙናዬን አወጣሁ፣ አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። እንደተማርኩት በየጎኑ ሁለት ጣት ትርፍ ተውኩ። ያንን ትርፍ ለመተው ማንንም አልጠየቅኩም፤ መጠየቅ እንዳለብኝም አልታወቀኝም። ጨው በወጥ ውስጥ ይጨመር አይጨመር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ገና ያልተቆረጠላቸው ብዙ ልጆች እያሉ ጣቃው አለቀ።

ጋሽ ወልዴ አንዱን ሱሪ አንስተው ገለበጡትና ትርፉ ውስጥ ጣታቸውን ከተቱ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ትርፍ ነው ጋሼ። ልጆች ስለሚያድጉ...»

«ይደጉ! ሲያድጉ አዲስ ያሰፋሉ! አንቺ ልጆቹን ስታሳድጊ እኔን ልታቀጭጪኝ ነው እንዴ?»

መቀሱን ከእጄ ወስደው መደርደሪያው ላይ ሰቀሉት። «ሰይፉ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው። ያንቺን ነገር መስከረም ላይ እንነጋገራለን» አሉ። በዚያ ድምፅ «እንነጋገራለን» ማለት ሻንጣሽን አዘጋጂ ማለት እንደሆነ ማንም አላስረዳኝም፤ ገብቶኛል። ያን ቀን ልቤ ተሰበረ። ማታ አጎቴ ጋ ደውዬ ነገርኩት።

«አቆራረጥሽስ ደህና ነው። ጨርቁ ግን የሰው ነው፤ ጠይቀሽ ነበር መተው የነበረብሽ» አለኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

ሰይፉ ወንድ ልጅ አቅፎ፣ ሁለት ቀን ያልተኛ ፊት ይዞ ተመለሰና የቀረውን ከአዲስ ጣቃ ቆረጠ። አጠገቡ ቆሜ አየሁት። የአንዱን ሱሪ እግር በሌላው ጎን እያስገባ፣ ኪሱን ከቀሪው ቁራጭ እያወጣ፣ አውራ ጣት የሚያህል እንኳ ሳይባክን ይጨርሳል። መቼም ያምር ነበር። ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ጆሮው ቀላ። ከዚያ በኋላ እየቆረጠ ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ይነግረኝ ጀመር። መቀሱን ግን አልሰጠኝም፤ ተከልክሏላ።

ልብሱ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ተላከ። በሳምንቱ ዓርብ ቀትር ላይ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ሮማን ሱቃችን ገቡ። ከኋላቸው የሱቁ ወለል እስኪጠብ ልጆች ተከትለዋቸዋል።

ልጆቹ ክረምቱን በየአያቶቻቸው ዘንድ ወተት ሲጠጡና የበቆሎ እሸት ሲበሉ ነው የከረሙት። የሰኔ ልክ ለመስከረም ልጅ አልሆነም። የአንዷ ጉርድ ቀሚስ ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። የአንዱ ሱሪ ቁርጭምጭሚቱን ትቶ ወደ ላይ ሸሽቷል። ናሆም የሚባል ጉንጨ ሙሉ ልጅ ከንፈሩን ነክሶ ቆሟል።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?» አሉት ጋሽ ወልዴ።

«መተንፈስ አልችልም» አለ ናሆም በቀጭን ድምፅ። «ብተነፍስ ቁልፉ ይሄዳል።»

ወይዘሮ ሮማን አልተቆጡም፤ ያ ነው የሚያስፈራው። «ልኩ በሰኔ ትክክል እንደነበረ አውቃለሁ፤ እኔው ቆሜ ነው የተለኩት። ግን ሰኞ ትምህርት ይከፈታል፣ ወላጆች ይመጣሉ። ልጆቼን እንደዚህ ሆነው አላሰልፋቸውም። ካልደረሰልኝ ሌላ ሰፊ መፈለጌ ነው፤ ለዘንድሮም ለከርሞም» አሉ። ያ ትምህርት ቤት የሱቁ ትልቁ ደንበኛ ነበር። ጋሽ ወልዴ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

እኔ ናሆምን ከመጋረጃው ኋላ አስገብቼ ሱሪውን አስወለቅኩትና ገለበጥኩት። እኔ ከቆረጥኳቸው አንዱ ነበር። ስፌቱን በምላጭ ተረተርኩ፣ ትርፉን ለቀቅሁ፣ እንደገና ሰፋሁት፣ ተኮስኩት። ናሆም ለበሰና መጀመሪያ በጥንቃቄ፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሱቁ በሙሉ ሳቀ፤ ወይዘሮ ሮማንም ሳቁ።

«የእኔዎቹ ግን አይለቀቁም» አለ ሰይፉ ቀስ ብሎ። «ውስጣቸው ምንም የለም።»

«እኛ አገር እንደዚህ ሲሆን ጎኑ ላይ ጥብጣብ ይገባል። ግን በአንዱ ላይ ብቻ ከሆነ ልጁ ይሳቅበታል፤ ስለዚህ በሁሉም ላይ ነው» አልኩ።

ሰይፉ አንዴ አየኝና ሱቁ ውስጥ ከነበረ፣ የትምህርት ቤቱን ሹራብ ከሚመስል ቢጫ ጨርቅ ላይ ረጅም ጥብጣብ ቆረጠ። ያለ ማስመሪያ ነው የቆረጠው፤ የሱን ያህል ቀጥ ያለ እጅ እስከ ዛሬ አላየሁም። አንዱ ሱሪ ላይ ከወገብ እስከ ታች አስገብተን ሰፋን። የለበሰው ልጅ ወደ ጎን እያየ፣ «የኳስ ተጫዋች ነው የሚመስለው!» አለ። ወይዘሮ ሮማንም «ከነበረው ያምራል። ሁሉንም እንዲህ አድርጉልኝ» ብለው ልብሱን በሙሉ አስጭነው ላኩልን።

ክምሩ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አልፎ በረንዳው ላይ ደረሰ። ጋሽ ወልዴ ዞረው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼን ሁሉ ተርትሮ፣ ጥብጣብ አስገብቶ፣ ተኩሶ ለሰኞ? በዚህች እጅ አይደርስም» አሉ።

«ጋሼ፣ ደቦ እንጥራ» አልኩ።

«ምን?»

«ደቦ። ጎረቤቶቹን።»

«እነማንን? ያንን መጋረጃ ሰፊ? በክስረቴ ዕልል የሚለውን?»

«እንደዚያ ብሎ ያውቃል?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱስ አላለም» አሉ። «እኔ ነኝ ያልኩለት።»

«ደቦ እኮ ለአጨዳ ነው» አለ ሰይፉ።

«ይኼም አጨዳ ነው፤ ክምሩን አታይም?» አልኩት።

ጋሽ ወልዴ እጃቸውን ወዘወዙ። «እሺ፣ ሂጂና ንገሪያቸው። አንቺን ይወዱሻል።»

«አይሆንም ጋሼ። ደቦ የሚጠራው ባለ ማሳው ነው። ተልኮ የሚጠራ ደቦ የለም።»

አፍጥጠው አዩኝ። በሙከራ ላይ ያለሁ ልጅ ነኝ፤ ያውም ጣቃ የጨረስኩ። ከዚያ ኮታቸውን አነሱ።

አብረን ወጣን። መጀመሪያ ከድር ጋ ደረስን። ጋሽ ወልዴ በረንዳው ሥር ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከድር... እንዴት ዋልክ?» አሉ። ከድር ከመኪናው ተነስቶ ቆመ፤ ደንግጧል።

«ጋሽ ወልዴ? ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

ሳቄን ለመዋጥ ፊቴን አዞርኩ። ጋሽ ወልዴ ጉዳዩን ነገሩት፤ ሲነግሩትም አላሳመሩትም፤ ሥራው ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ፣ ሰኞ ካልደረሰ ደንበኛዬን አጣለሁ፣ እርዱኝ አሉ። ከድር ወደ እኔ አየ፣ ወደ እሳቸው አየ።

«ነገ ጠዋት መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ» አለ።

እትዬ ጥሩዬ ግን ቶሎ እሺ አላሉም። «እነሆ፣ በዚህች በረንዳ ሥር ስንቴ ሲያልፉ አይቻለሁ። አንገትዎ ወደዚህ የማይዞር መስሎኝ ነበር» አሏቸው። ጋሽ ወልዴ አቀረቀሩ። «በሉ አይዘኑ፤ እመጣለሁ። ግን ደቦ ምሳ አለው፣ ሽሮ ካቀረቡልኝ መርፌዬን ነቅዬ ነው የምሄደው» አሉ እትዬ ጥሩዬ። ወንድማማቾቹ ጋ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሶ ኖሮ፣ ገና ሳንናገር «እንመጣለን» አሉን።

ቅዳሜ ጠዋት መንገዱ ላይ የታየው ነገር እስካሁን ያስቀኛል። የከድር መኪና በጋሪ መጣ። ወንድማማቾቹ የእነሱን ተሸክመው መጡ። የእትዬ ጥሩዬን መኪና ሰይፉ ነው የተሸከመው፤ እሳቸው ከኋላው «ቀስ፣ ቀስ፣ ካንተ ዕድሜዋ ይበልጣል» እያሉ። በረንዳው ሞልቶ እስከ መንገዱ ወጣን። አላፊ አግዳሚው «ማን ሊያገባ ነው?» እያለ ይጠይቃል።

ሥራውን ተከፋፈልን። ሰይፉ ጥብጣብ ይቆርጣል። ወንድማማቾቹ ይተረትራሉ። እኔና ከድር ጥብጣብ እናስገባለን፤ መጋረጃ ሰፊ ረጅም ስፌት ሲነዳ አይቶ አለመቅናት አይቻልም። እትዬ ጥሩዬ ወገቡን ይዘዋል፤ ላጠረውም ከታች ያንኑ ቢጫ ይቀጥሉለታል። ገና ከመሞቃችን መብራት ጠፋ። የሱቁ የሞተር መኪኖችና ኦቨርሎኩ ቀጥ አሉ። በረንዳ ላይ ያሉት በእግር የሚረገጡት ግን ከነጭራሹ አላወቁትም፤ ጢክ ጢክ ማለታቸውን ቀጠሉ።

«የኮልፌ ሞተር ይኸው ነው!» አሉ እትዬ ጥሩዬ እግራቸውን እያሳዩ።

የኤሌክትሪክ ካውያውም ስለቆመ የእትዬ ጥሩዬ የከሰል ካውያ መጣ። የሚተኩስ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም እጁ ተይዟል። ጋሽ ወልዴ ኮታቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና የጨራሽ ቦታ ላይ ቆሙ። ከሰሉን እፍ እያሉ፣ ሱሪ እያነጠፉ፣ ላብ በላብ ሆነው ተኮሱ። የአንዱን ጠርዝ ሲያጣምሙ ከድር መልሶ ሰጣቸውና «ጋሼ፣ ይኼ ይደገም» አላቸው። ደገሙት።

ለምሳ የጋሽ ወልዴ ባለቤት ክትፎና ቆጮ አመጡ፤ ለከድር ከሙስሊም ሥጋ ቤት ለብቻ ተገዝቶ በተለየ ድስት ተሠርቷል። እትዬ ጥሩዬ ክትፎውን ሲያዩ ዕልልታቸውን አቀለጡት። ጋሽ ወልዴ ሰምተው ወደ እኔ ዞሩና «ይኸው ዕልል አሉ» አሉኝ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የቀረውን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጨረስነው።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ወልዴ፣ ሰይፉና እኔ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምን። ልጆቹ ተሰልፈው ቢጫው ጥብጣብ ከዳር እስከ ዳር ሲታይ ደስታዬ ከአቅሜ በላይ ሆነ፤ አለቀስኩ። ናሆም ከሰልፉ መሀል አይቶኝ ሆዱን ነፍቶ አሳየኝ። ወይዘሮ ሮማን መጥተው የጋሽ ወልዴን እጅ ጨበጡና «ለከርሞም እናንተ ናችሁ» አሉ። «ትርፍ ግን ይኑረው።»

ሱቅ ስንመለስ ሰይፉ የሚቀጥለውን ሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መቀሱን ከመደርደሪያው አወረደና ሳይቆርጥ ቆመ፤ ጋሽ ወልዴን ያያል።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አሉት። «ስጣት እንጂ። አጠገብህ ትቁረጥ።»

መቀሱን ተቀበልኩ።

«ትርፉ ግን አንድ ጣት ነው፤ ሰማሽ? አንድ!»

«አንድ ተኩል፣ ጋሼ።»

«የቱሉ ቦሎ ሰው!» አሉ። «ቁረጪ በቃ።»

ሙከራዬ በዚህ አለቀ፤ ስለ እሱ ሌላ ንግግር አልተደረገም። በዚያው ዓመት ከድር ለአንድ ቤርጎ መጋረጃ ሲታዘዝና ሥራው ሲበዛበት፣ ደቦ ብድር ነውና ሱቃችንን ዘግተን ሄድንለት። ጋሽ ወልዴ የራሳቸውን ካውያ ይዘው ነው የሄዱት። ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ ሥራ የበዛበት ሰፊ ሁሉ ይጠራ ጀመር።

አሁን ቤቴል የራሴ ሱቅ አለኝ፤ ቆራጯም እኔው ነኝ። ጨርቅ ሳያባክኑ መዘርጋትን የተማርኩት ከሰይፉ ነው፤ አዲስ አበባ ባልመጣ አላውቀውም ነበር። ወጣት ሰፊዎች ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ከትንሽ ከተማ ነው እላቸዋለሁ፤ በዚያም ተጠቅሜያለሁ። ከእነሱ መካከል ከእንደዚያ ያለ ቦታ መጥቶ የሚያፍር ካለ አይፈር። ሥራ ከአቅም በላይ የሚሆንበት ቀን ለሁሉም ይመጣል፤ ያን ቀን የሚመጣልህ ሰው ስሙን አስቀድመህ የምታውቀው ነው።